ርዕሰ ከተማ የሌላት ደሴት

መምህር ደምመላሽና መምህር ይገዙ ጂኦግራፊ ባስተማሩበት ዘመን፣ ተማሪ ያላረጋገጠውን ስም በካርታ ላይ ቢጽፍ ካርታው በፊቱ ይቀደድ ነበር። አቶ ሕሩይም ከእነርሱ እጅ የወጡ ናቸውና፣ ስቶክሆልም ውስጥ ቴንስታ በሚገኘው የቅዳሜ ትምህርት ቤት ያንኑ ሥርዓት ሳያላሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖሩ።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሲጠባ ግን የወላጆች ማኅበር፣ «ለዘመኑ ልጆች የዘመኑ መምህር» በማለት ወንበራቸውን ለወጣቱ ለኤልናታን ሊሰጥ ዳዳው። ከመወሰኑ አስቀድሞም ልጆቹ በወላጆች ፊት፣ በኤልናታን ጠያቂነት እንዲፈተኑ አደረገ።

ፈተናው በመልካም ሲካሄድ ቆይቶ፣ «የናውሩ ርዕሰ ከተማ ማን ይባላል?» የሚል ጥያቄ መጣ።

ርሆቦት የተባለችው ተማሪ ብድግ አለች። «የላትም።»

«ያሬን ነው! ተሳስተሻል።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ልጅቱ ዐይኗን ወደ አቶ ሕሩይ ወረወረች።

«ልክ ነሽ፤ እንዳትቀመጪ» አሉ ሽማግሌው፣ ቀጥ ብለው እየተነሡ።

«ጋሼ፣ አትላስዎ ከእኔ በፊት የታተመ መሰለኝ!» አለ ኤልናታን። ሰው ሳቀ።

«እኔ ደግሞ ከአትላሱም በፊት የተወለድሁ ነኝ። ገጼ አልተገነጠለም።»

ሳቁ ወደ ኤልናታን ዞረ። አቶ ሕሩይ ጠመኔ አንሥተው በሰሌዳው ላይ እንቁላል መሳይ ቅርጽ ሣሉ።

«ናውሩ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ብቻዋን የተቀመጠች፣ ሃያ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የምታህል ደሴት ናት። መካከሏ ፎስፌት ተቆፍሮ ስላለቀ የቀረው ድንጋይ ነው፤ ሕዝቡም ዳር ዳሩን ሰፍሯል። ዐሥራ አራት ወረዳ እንጂ ከተማ የላትም። ዐሥራ ስምንቱ እንደራሴዎች ፕሬዚዳንቱን ከመካከላቸው ይመርጣሉ፤ የሚሰበሰቡትም ያሬን በተባለው ወረዳ ነው።»

«እንግዲያውስ ያሬን ነዋ!» አለ ኤልናታን።

«ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡራችን፣ ኖርስቦሪ ሰፈር ላይ ስለሚቆም ኖርስቦሪ መናገሻ ናት በላ!» አሉ ከወላጆች መካከል ወይዘሮ የሻሽወርቅ።

«ሸንጎ ወንበር ይበቃዋል» አሉ አቶ ሕሩይ። «ርዕሰ ከተማ ለመባል ግን ወይ ከተማ፣ ወይ አዋጅ ያስፈልጋል። ከተማ እንደሌለ አሳየሁህ። አዋጁን አንተ አሳየን።»

ኤልናታን ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የናውሩን ሕገ መንግሥት ከራስጌ እስከ ግርጌ አሰሰ። የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን አለ፤ የምክር ቤቱ ሥርዓት አለ፤ ርዕሰ ከተማን የሚሰይም አንቀጽ ግን አልተገኘም። አቶ ሕሩይ አላጣደፉትም፤ መልሱን ያውቁታልና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ።

ወጣቱ ኮምፒዩተሩን አጠፈና በመጀመሪያ ወደ ልጅቱ ዞረ።

«መልስሽ ልክ ነው፣ ርሆቦት።» ቀጥሎም ወደ ወላጆቹ ቀና አለ። «የቅዳሜውን ወንበር ከጋሼ አትውሰዱ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»