ለአምስት አገር አንድ መጠይቅ

ሀኒፋ ለጥናቱ ፈቃድ ሰባት ወር ደጅ ጠንታለች። ጥናቱ በአምስት አገሮች ያሉ ሆስፒታሎች ለድንገተኛ አደጋ ምን ያህል እንደተዘጋጁ የሚጠይቅ ነው። መጠይቁ ውጭ አገር ተዘጋጅቶ፣ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ታብሌቷ ላይ ተጭኗል። መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ለቡ አካባቢ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ሄደች። የድንገተኛ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ተናኘወርቅ ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት የሠሩ ቁጥብ ሴት ናቸው። ቶሎ ቶሎ መለሱላት። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ? አለ። ጄኔሬተር? አለ። ሥልጠና? አለ። ሀኒፋን ቅር ቢላትም የተባለችውን ከመመዝገብ ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

አሥራ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ስልክ ተደወለ። ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ሚኒባስና አይሱዙ ተጋጭተው አሥራ ስድስት ቁስለኞች እየመጡ ነበር። ሲስተር ወጡ። ሀኒፋም ግድግዳ ተጠግታ ቆመች።

ዕቅዱን የገለጠ ሰው አላየችም። ሲስተር ጽዳቶቹንና ጥበቃዎቹን በየስማቸው እየጠሩ አልጋ አስገፉ፤ ኮሪደሩን አስለቀቁ፤ ደም የሚፈሳቸውን ወደ ውስጥ፣ መራመድ የሚችሉትን ወደ ግቢው ለዩ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አልተነሳም። ዶክተር ፊሊጶስ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የአንድ ወጣት ቁስል በሞባይል መብራት ሰፉ። ክፉኛ ተጎድታ የመጣች አንዲት ሴት አረፈች፤ አሥራ አምስቱ ተረፉ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር እጃቸውን ታጥበው ተመለሱና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ጄኔሬተሩን ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሏት።

«አለ ብዬ።»

«እሱ አለ፤ ነዳጅ ነው የሌለው። ዕቅዱም አለ፤ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቆልፎበታል፣ እኔ ራሴ አንብቤው አላውቅም። ይህን ብነግርሽ ከአምስት አገር መጨረሻ እንወጣለን ብዬ ፈራሁ።»

«የሆስፒታሉ ስም እኮ አይጠቀስም፣ ሲስተር።»

«የስምምነት ወረቀቱ ላይ አንብቤ ፈርሜያለሁ። ግን አላመንኩትም።»

ሀኒፋ በሲስተር ፈቃድ ያየችውን ሁሉ ጽፋ፣ ጥያቄው እንዲሻሻል ጠይቃ ለጥናቱ አስተባባሪ ላከች። አስተባባሪው፣ አንድ አገር ብቻውን ጥያቄ ከቀየረ ውጤቱን ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር እንደማይቻል በትህትና መለሰላት። ተናደደች፤ እውነቱን መሆኑን ማወቋ ደግሞ ይበልጥ አበሳጫት። ስለዚህ ያንኑ ደብዳቤ ለአራቱ አገሮች ባልደረቦቿ ላከችው። በሳምንቱ ሦስቱ መለሱላት። አንደኛዋ፣ «አለ» ተብሎ የተመዘገበ አምቡላንስ ያለ ጎማ በድንጋይ ላይ ቆሞ እንዳገኘች ጻፈች።

በኢንተርኔት ተሰብስበው ሁለት ሰዓት ከተከራከሩ በኋላ ለሁሉም አገር ከእያንዳንዱ «አለ» ቀጥሎ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ተጨመረ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነው?» የማሻሻያው ፈቃድ ሁለት ወር ወሰደ። ሀኒፋ የጨረሰቻቸውን ዘጠኝ ሆስፒታሎች እንደገና መዞር ነበረባት።

መጀመሪያ ነፋስ ስልክ ወዳለው ሄደች። አስተዳዳሪው አቶ ጸጋአብ ስለ ጄኔሬተሩ አዲሱን ጥያቄ ሰምተው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቀዋት፣ ሄደው ሊያዩት ተነሱ።