ሙሉ መኪና

ማዘጋጃ ቤቱ መኪና በዛብኝ ብሎ ደንብ አወጣ፤ አራት ሠራተኛ የጫነ መኪና ግቢ ገብቶ ጥላ ሥር ይቆማል፣ የጎደለበት ውጭ ፀሐይ ይመታዋል። የቀያሹ አሮጌ መኪና ደግሞ ፀሐይ ላይ ከዋለች ማታ ካልተገፋች አትነሳም። ጸሐፊዋንና ገንዘብ ያዡን ይጭናል፤ አንድ ሰው ጎደለው። ገንዘብ ያዡ ወፍራም ስለሆነ ከኋላ የሚተርፈው ቦታ የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ አማቱ አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ በቃ።

«እማማ፣ ነገ ቢሮ አብረውን ቢሄዱስ?» አላቸው።

«ምን ልሠራ?»

«ሊቆጠሩልን።»

ዘበኛው የሚቆጥረው ጭንቅላት እንጂ መታወቂያ አይደለም። አማቱ ተቆጠሩ፣ መኪናዋ ጥላዋን አገኘች፣ እሳቸው ከባለጉዳይ ጋር አግዳሚ ላይ ዋሉ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ ለመኪና ማቆሚያም ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ ሰሞን ትንፍሽ አላሉም። አንድ ጠዋት መታጠፊያው ላይ፣ «አንተ፣ መሪው ምን በደለህ?» አሉት። ገንዘብ ያዡ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! የጸሐፊዋን እጮኛ ሳያዩት ናቁት። የገንዘብ ያዡን ቦርጭ መከሩት። ባለጉዳዩን በየቢሮው መምራት ያዙ። ማታ የመሥሪያ ቤቱን ወሬ ለልጃቸው ሲያወሩ፣ «ያ ሰውዬ ይሄን ቢያይ!» ብለው የሞቱትን ባላቸውን አነሱና ሳቁ። ልጃቸው ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ቀያሹ የሚያስበው ስለ ጥላው ነበር።

ከዚያ ዘበኛው መታወቂያ እንዲያይ ታዘዘ። ደግነቱ አንድ አዲስ የውሃ ክፍል ሠራተኛ ለቀያሹ ጎረቤት ሆኖ መጣ። ቀያሹ እሰየው ብሎ አብሯቸው እንዲሄድ ለማግስቱ ጠዋት ቀጠረው፤ ለአማቱ የሚነግራቸውንም ሲያጠና አደረ፦ «እማማ፣ ከእንግዲህ ይረፉ።»

ጠዋት ሲወጣ አማቱ መኪናዋ ውስጥ ቀድመው ገብተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አዲሱ ሰው በሩ ጋ ቆሟል። አዩት፤ ገባቸው። ቦርሳቸውን አንስተው ለመውረድ ተነሱ።

«እሱ ይግባ፣ ልጄ። እኔ ደህና ነኝ።»

ቀያሹ ያጠናው ሁሉ ጠፋው። ያችን ቃል ለብዙ ጊዜ አልሰማትም ነበር።

«ይቅርታ ወንድሜ፣» አለው አዲሱን ሰው፣ «መኪናው ሙሉ ነው።»

ዘበኛው ሦስት ብሎ ቆጠረና ወደ ፀሐዩ መራቸው።

ማታ መኪናዋ እንደተጠበቀው አልተነሳችም። ቀያሹ መሪውን ያዘ፣ ጸሐፊዋና ገንዘብ ያዡ ከኋላ ይገፋሉ። አማቱ ከወንበራቸው ሳይነሱ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣

«ግፉ እንጂ! ምን ትለግማላችሁ!» ይላሉ።