«አይጥፋ» የሚለው ወረቀት

ላቦራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ ማጠብ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ተማሪዎቹ «ጋሼ ጆሮ» ይሉኛል፤ እጄ ሳሙና ውስጥ ሆኖ ጆሮዬ ከእነሱ ጠረጴዛ ስለማይርቅ ነው። የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት በዚያው ነው። ያልገባኝን በሆዴ ይዤ እቆያለሁ፤ አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው ሳያስበው ይመልስልኛል።

የእህቴ ልጅ ለመመረቂያ ጥናቷ እዚያው ገባች። የምታሳድገው ሻጋታ ነው። በጨለማ ሲያድግ እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ ብርቱካን ይመስላል።

«ዓይን የለው፣ በምን ያውቃል ታዲያ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ዘበኛ አለው አጎቴ። ብርሃን የሚቀበል ፕሮቲን ነው። ብርሃን ሲነካው ቀለም የሚያሠሩትን ጂኖች ይቀሰቅሳቸዋል። ቀለሙን ጃንጥላው በለው፤ ብርሃኑ እንዳይጎዳው ይከልለዋል።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ዘበኛውን አባረርኩት። የሱን ጂን ሰበርኩ። ዘበኛ ከሌለ ፀሐይ ብትወጣም የሚነቃ የለም፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል ባይ ነኝ።»

«ምስኪን፣ ያለ ማስጠንቀቂያ?»

ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። የድሮው መመሪያ እንደሚለው ግማሽ ሰዓት ብርሃን እየሰጠች ሦስት ጊዜ ሞክራለች። ደህናውም የተሰበረውም ያው ገርጥተው ይወጣሉ፤ ዓይን አይለያቸውም። ጥናቷን የሚመሩት ፕሮፌሰርም ቁርጡን ነግረዋታል፦ እስከ ሰኞ ልዩነቱ ካልታየ ርዕስ ትቀይራለች። የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሻጋታው የሚያድግባቸውን አዲስ ሳህኖች፣ ስድስት ደህና ስድስት ዘበኛ የለሽ፣ መብራት ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደረች። መብራቱን አጥፍታ፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፋ ሄደች። ወለል ልጠርግ ስገባ ወረቀቱን አነበብኩት፤ «አይጥፋ» ይላል። በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ብመለከት ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ይህን ያህል ደክማ መብራት ይጥፋባት? ማብሪያውን ተጫንኩት፤ ስለ እሷም አንድ ቃል ጸልዬ፣ በጎ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ፊት ደርቃ ቆማ አገኘኋት።

«መብራቱን ማን አበራው?»

«እኔ ነኝ። አይጥፋ ብለሽ የለ?»

«ሳህኑን ነው እንጂ አጎቴ። መብራቱንማ ዛሬ ለግማሽ ሰዓት ላበራው ብዬ ነው ያጠፋሁት። ባለፈው ሁለት ሳህን ጠፍቶብኝ፣ ሰው እንዳያነሳብኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት። እሷ ሳህኖቹን እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ስድስቱ የበሰለ ብርቱካን። ስድስቱ ወተት። ክዳናቸውን እያገላበጠች ምልክቱን አየች፤ ነጮቹ አንድ ሳይቀሩ ዘበኛ የለሾቹ ናቸው።

«ግማሽ ሰዓቱ ነው ያነሰው» አለች ቀስ ብላ። «ቀለም እስኪሠሩ አልታገስኳቸውም።»

ፕሮፌሰሩ መጡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ይህን ማን አሰበው?»

«አጎቴ።»

«ኧረ እኔ አላሰብኩትም፣ ተሳሳትኩት እንጂ» አልኩ።

«እንግዲያው አሁን ሆን ብላችሁ ተሳሳቱት። በጨለማ የሚቆይም ጨምሩበት። ከተደገመ ርዕሱ ያንቺ ነው።»

በሳምንቱ ተደገመ። በጨለማ የቆዩት ሁሉም ነጭ፤ በብርሃን ደህናዎቹ ብርቱካን፣ ዘበኛ የለሾቹ ነጭ። ፕሮፌሰሩ የርዕስ ማጽደቂያ ወረቀቷ ላይ ፈረሙ። ተመስገን አልኩ በሆዴ። ልጅቱ እዚያው ማጠቢያዬ አጠገብ ቆማ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ነጭ ሆኖ ቀረልኝ።»

«ምኑ?» የእህቴ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ሻጋታው።»

«እኔ ሻጋታ ሳገኝ እደፋለሁ። አንቺ ስታሳድጊ ነው የከረምሽው?»

«ርዕሴን አልቀይርም እማዬ። ተፈርሞልኛል።»

«አጎትሽን አገናኚኝ» አለች እህቴ።

እጄ እንደራሰ ስልኩን ተቀበልኩ።

«ልጄን አደራ ብዬህ ነበር» አለችኝ፤ «ሻጋታዋንም አደራ አልኩህ እንዴ?»

«እሱንስ ለማበላሸት ነበር የሞከርኩት» አልኳት። ሳቋ ፈነዳ፤ ልጅቱም እኔም ተከተልናት፤ የሳሙናው ውኃ በክንዴ እየወረደ እጅጌዬን አራሰው።