ሁለት ሰው ሲቀመጥባት የምትሞት ብስክሌት

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ምላሴ ይታሰር፤ ሳልናገር ልክረም። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ መሐላ እንደሆነ ይገባዋል።

ብስክሌቷ ዳገቱ ሥር እንደገና ቀጥ አለችና ሁለቱም ሰዎች እንደ ላላ አጥር ወደ ጎን ተንጋደዱ።

"ሽቦህ!" አለ ከኋላ የተቀመጠው።

"ብረትህ!" አለ ከፊት የተቀመጠው።

ከኋላ ያለው በያጅ ነው። ከፊት ያለው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ሬዲዮም ሆነ ቴሌቪዥን፣ ባለቤቱ ተስፋ የቆረጠበትን ሁሉ ይጠግናል። የኤሌክትሪክ መለኪያውን እንደ ሐኪም ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ሰፈሩ "ቴስተር" ይለዋል። ብስክሌቷን የሠሯት ሁለቱ ናቸው። በያጁ ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ቆርጦ አንድ ረጅም አደረጋቸው። ቴስተር ደግሞ ከተጣሉ ላፕቶፖች የለቀማቸውን ባትሪዎች ደርድሮ፣ የኋላው ጎማ ላይ ሞተር ገጥሞ፣ ሽቦውን በብረቱ ሆድ አሳልፎ ነፍስ ዘራባት። አንድ ሰው ሲቀመጥባት ማለቴ ነው። ሁለቱ ሲቀመጡባት ትሞታለች።

ተዋደው እንዳይመስላችሁ የሠሯት። ሟቹ አባት የተዉትን አንድ ክፍል በቆርቆሮ ለሁለት ከፍለው ነው የሚሠሩት። የአንዱ የእሳት ፍንጣሪ የሌላውን ቴሌቪዥን ይበሳል፤ የሌላው ሬዲዮ ደግሞ የአንዱን ጆሮ ይበሳል። ድሮ ቴስተር በያጁን "ጋሼ" ይለው ነበር። ይህ የቀረው በሠርጉ ማግስት ነው፤ በያጁ ለሠርጉ የተዋሰውን የቴስተርን ሱፍ በፍንጣሪ በስቶ ሲመልስለት። ሙሽራ ሆኖ ምን ሲበይድ እንደዋለ እስከ ዛሬ የተናገረ የለም።

የክፍሉ ባለቤት እናትየው ናቸው፤ ለአንዱ እናት፣ ለሌላው አማት። ጭቅጭቁ ሲያንገሸግሻቸው ሁለቱንም ጠሩ።

"አንድ ነገር አብራችሁ ሠርታችሁ አሳዩኝ" አሉ። "ሁለታችሁንም የሚሸከም ነገር። ቅዳሜ ከምሳ በፊት ሁለታችሁም ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ደጄ ትደርሳላችሁ። አንዱ እየገፋ ሌላው እየተገፋ ከመጣችሁ ግን ክፍሉን ለባለ ሽፋኑ አከራየዋለሁ። ወሰንኩ።"

ባለ ሽፋኑ ማለት ከጎናቸው የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ እሱም ከጠዋት ጀምሮ ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳቸውን ይለካል።

"ቀጥሉ፣ ቀጥሉ" አለ፣ ብስክሌቷን እየገፉ ወደ ክፍሉ ሲመለሱ። "እኔን እንደሌለሁ ቁጠሩኝ። የመደርደሪያዬ መስታወት እዚህ ጋ ይገባ እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ሜትርህን ሳላስውጥህ ውጣ!" አለ በያጁ።

"ኧረ ጋሼ፣ ጎረቤት አይደለን እንዴ? ይልቅ ይቺን ምስማር ስትወጡ ትተዋት ትሄዳላችሁ?"

ቴስተር እጅጌውን ሰበሰበ። ብስክሌቷን ገልብጦ ጎማዋን ወደ ሰማይ አደረገና እንደ ሞተር ሳይክል የሚጠመዘዘውን እጀታ ጠመዘዘ። ጎማው እንደ ንብ አጉረመረመ። ባትሪውን ለካ፣ ሙሉ ነው። ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። የተበየደችውን ሽቦ ሁሉ አንድ በአንድ ጎተተ፤ አንዲትም የላላች የለችም። ኃይሉን የሚያከፋፍለውን ሳጥን በጥፊ መታው። ጎማው መዞሩን ቀጠለ።

"ጤነኛ ናት" አለ።

"ጤነኛ ከሆነች ለምን ትሞታለች?"

"አንተ ስትቀመጥባት ነዋ። ብረትህ ይጎብጥና ሽቦዬን ይቆነጥጠዋል።"

"የኔ ብረት ዝሆን ቢቀመጥበት አይጎብጥም!"

"ዝሆን መቼ ተቀመጠበት? ዝሆን ቢሆንማ ዝም ብሎ ይቀመጥልን ነበር።"

በያጁ መዶሻውን ፈለገ፤ ግን ባለ ሽፋኑ ምስማሯን ሊነቅልበት ወስዶታል። ስለዚህ የተሻለ ነገር አሰበ። ጎረቤት አጥር የሚያሠሩ ሰዎች ዘንድ ሄዶ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ለመነና ኋላ ወንበር ላይ በገመድ ጠፍሮ አሰረው።

"ይሄ ከኔ ይከብዳል። ነዳት!"

ቴስተር ነዳት። ብስክሌቷ ዳገቱን እስከ መታጠፊያው እየዘለለች ወጣች። ቴስተርም ሲሚንቶውን ይዞ እያፏጨ ወረደ፤ ሲደርስ ግን ማፏጨቱን ተወ። ፉጨቱ ለማን እንደሚያደላ ዘግይቶ ነው የገባው።

"እህ?" አለ በያጁ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። "ጎበጠ? ቆነጠጠ? ብረቴን ይቅርታ ጠይቀው!"

ሲሚንቶውን አውርደው በያጁ ተቀመጠ። ገና ከደጁ ሳይርቁ ከኋላ ጀመረ፦ "አባትህ እንኳ ሬዲዮናቸው ሲበላሽ ላንተ አይሰጡም ነበር፤ ደብቀው ሌላ ሰፈር ነበር የሚያሠሩት።"

ብስክሌቷ ሞተች።

ባለ ሽፋኑ ከበሩ ላይ ሰዓቱን አየ። "ለምሳ ብዙም አልቀረ" አለ።

የመጨረሻ ሙከራ ነበር። አሁን ወይ ተቀምጠው ይደርሳሉ፣ ወይ ክፍሉ የስልክ ሽፋን ይሆናል። ፔዳሉን በእግራቸው እየረገጡ፣ ሞተሩ ሲነሳ እየተነሱ፣ ሲሞት እያቃሰቱ ዳገቱን ጀመሩት። ሁለት ኩንታል የተጫነ አህያ ደረሰባቸውና አለፋቸው። ካለፋቸው በኋላ አንገቱን አዙሮ በሐዘኔታ አያቸው።

"አየኸው?" አለ በያጁ። "እሱ ውስጥ ያንተ ሽቦ ስለሌለ ነው።"

መሪው ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለች፤ ሞተሩ ኃይል ሲያገኝ ትበራለች። በያጁ ይህን ሲል ድርግም አለች። በያጁ ትንፋሽ አጥሮት ዝም ሲል መልሳ በራች። "ደንቆሮ!" ሲል ጠፋች። ዝም ሲል በራች።

ቴስተር ዓይኑን ከመብራቷ ወደ እጁ አወረደ። ጣቶቹ የፍሬኑን መያዣ ጨምድደው ነጥተዋል።

ያኔ ነገሩ ገባው። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ እንዲጠፋ ብሎ በዚያ መያዣ ውስጥ ትንሽ ማጥፊያ የቀበረው ራሱ ነው። "ቢራቢሮ ቢያርፍበት እንኳ ይሰማል" ብሎ የጎረረበትም ራሱ ነው። ሽቦውም ደህና ነው፣ ብረቱም ደህና ነው። በተሰደበ ቁጥር ሞተሩን የሚገድለው የገዛ እጁ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ አይሳደብም።

ቴስተር ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመያዣው አላቀቀና በነፋሱ ላይ ዘረጋቸው። መብራቷ በራች፤ ብስክሌቷም ወደፊት ተወረወረች።

"ለማን ነው ሰላም የምትለው?" አለ በያጁ ከኋላ። "ለአህያው?"

ጣቶቹ ሊጨበጡ ዳዳቸው። አልጨበጣቸውም። በያጁ ስለ አፍንጫው ተናገረ፤ ስለ ትምህርቱ ተናገረ፤ እስካሁን ሚስት ስላለማግባቱም ምክንያቱን አስረዳ። ቴስተር ጣቶቹን እንደ ማበጠሪያ ዘርግቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ወጣ።

እናትየው እጃቸውን አጣጥፈው በራቸው ላይ ቆመዋል። ባለ ሽፋኑም በአቋራጭ መንገድ ሮጦ፣ ሜትሩን እንደያዘ እያለከለከ ደረሰ።

"ተቀምጠው መጡ" አሉ እናትየው፣ ዓይናቸውን ማመን እንዳቃታቸው። ከዚያ ወደ ባለ ሽፋኑ ዞሩ። "አንተ ሜትርህን ጠቅልል።"

"እማማ፣ ግማሹን ክፍል ቢሆንስ..."

"ጠቅልል አልኩህ!"

ጠቀለለና ወረደ። እናትየው ብስክሌቷን ዞረው አዩዋት። "ምን ነበር ችግሯ?"

"ሽቦው ነው፣ እማማ" አለ በያጁ ፈጥኖ። "ከጀመርን ጀምሮ ብነግረው፣ ብነግረው!"

እናትየው ልጃቸውን አዩት። ቴስተር እጁን ኪሱ ከተተ።

"አዎ፣ እማዬ" አለ። "አንዲት ሽቦ ላልታ ነበር።"

"አላልኩም እንዴ!" በያጁ ጀርባውን መታው፤ ሰው ሲያመሰግኑ የሚመቱትን ዓይነት አልነበረም።

"በሉ ደግ" አሉ እናትየው። "ምሳው ላይ ቤት ነው የተሠራው። ሂዱ፣ እኔ ቀስ ብዬ በእግሬ እደርሳለሁ።"

ላይ ቤት የበያጁ ቤት ነው፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ከእስካሁኑ ይብሳል፤ በዚያ ላይ ቅዳሜ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ተቀምጧል። በያጁ ሸሚዙን አስተካከለ።

"አሁን ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ" አለ። "ሚስቴ ደጅ ቆማ ከኋላ ተጭኜ ስመጣ አታየኝም። ስለ አነዳዷ የሚነገረኝ ነገር አለ?"

ቴስተር የፍሬኑን መያዣ አየ። በያጁን አየ። የበያጁን እጅ አየ፤ ብረት ሲያጎብጥ የኖረ፣ ሲናደድ መጀመሪያ የሚጨበጥ እጅ ነው።

"ምንም የለም" አለ። ወደ ኋላ ወንበር አለፈና መንገዱን ለቀቀለት። "ይቀመጡ፣ ጋሼ።"

ከሠርጉ ወዲህ "ጋሼ" ከቴስተር አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። በያጁ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠና እጀታውን ጠመዘዘ። ቀይዋ መብራት በራች፤ ብስክሌቷ ሽው አለች። ቴስተር የሰፈሩ ሰው መሀል እስኪገቡ፣ እህቱም ከላይ ደጇ ላይ ብቅ እስክትል በትዕግሥት ጠበቀ። ከዚያ ወደ በያጁ ጆሮ ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ ያን ሱፌን የበሳኸው ቀን ምን እየበየድክ ነበር?"

ከላይ የማልኩትን መሐላ አንዲት ነገር ብቻ ታበላሸዋለች፤ አህያው ውሸት ነው። ዳገቱ ላይ ያለፍኳቸው እኔ ነኝ፣ የአጥሩ ቀን ሠራተኛ፣ በእግሬ፣ ያንኑ ሲሚንቶ ተሸክሜ። ዞሬ በሐዘኔታ ማየቴ ግን እውነት ነው።