ሳይነበብ የሚታወቅ ስም

«እማ፣ አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ትሄጂ ነበር ወይስ ትቀሪ?»

ቶባያስ ይህን ሲጠይቃት ቨርሊን ከምድጃው ፊት ቆማ ነበር። የበቆሎ ቂጣው እንዳያርባት የሰጋች መስላ ጀርባዋን ሰጠችውና ከምድጃው አወጣችው። ቂጣው ጠርዙ እንኳ ገና አልቀላም። መልሳ አስገባችው።

«ጥያቄ ጠየቅኩሽ እኮ» አለ ልጇ እየሳቀ።

«ሰምቻለሁ። ቂጣው ይድረስ።»

ቶባያስ በማርሎ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካ እግር ኳስ ይጫወታል። ሲቆም በሩን ይሞላል። ጨዋታ ላይ ኳሱን ከመሬት አንስቶ በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ የሚያቀብለው፣ ወዲያውም ፊት ለፊቱ ከቆመው ግንብ የሚያህል ሰው ጋር የሚላተመው እሱ ነው። ኳሱን ይዞ የሚሮጠውን ልጅ አገር ያውቀዋል። የቶባያስን ስም የሚያውቁት ግን የቡድን ጓደኞቹና እናቱ ናቸው ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ከትልቁ የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ አንድ አሰልጣኝ አይቶት ኖሮ በሰው በኩል ልኮበታል፤ ለከርሞ ቦታ አለን፣ ና ብሎታል። በመኪና አሥራ አራት ሰዓት የሚያስኬድ አገር ነው። ቨርሊን መንገዱን በሐሳቧ ስንት ጊዜ ነድታዋለች፤ በነዳችው ቁጥር አንድ ጎማ ይተነፍስባታል።

«ከአሥራ ሁለቱ ከገባን የትም አልሄድም» አለ ቶባያስ። «ካልገባን ግን እንጃ። ዘንድሮ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጫወትን፣ አሥራ ሁለቱንም አሸነፍን። ከዚህ በላይ ምን እናድርግ? ይኸው ዝርዝሩ ላይ አሥራ አምስተኛ አድርገውናል። ሁለት ጊዜ የተሸነፉ ከላያችን ተቀምጠዋል።»

«ምን ሆነን ነው?»

«ሊጋችን ነዋ፣ እማ! የወንዝ ሊግን ማን ይፈራል? ‹ማንን አሸነፋችሁና ነው የምታወሩት› ነው የሚሉን።»

ለዋንጫው ከመላው አገር የሚጋጠሙት አሥራ ሁለት ቡድኖች ብቻ ናቸው። የሚመርጣቸው ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ስማቸውን የሚያሳውቀው በመጪው እሑድ ነበር። ቨርሊን በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። ልጇ እንዲቀርላት ትፈልጋለች። ይህን መፈለጓ ደግሞ ራስ ወዳድነት እየመሰላት ይከነክናታል።

ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄደች። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምሳ አብሳይ ናት። ልጅ ሳለች ለወንድሞቿ ስትል ትምህርቷን አቋርጣ ነበርና፣ አርባ አራት ዓመት እስኪሆናት ከስሟ ሌላ ማንበብ አትችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ሚስ ኦዴት ታስተምራታለች። ሚስ ኦዴት ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ቤት ሠርታ በጡረታ የወጣች፣ የሰው ሁሉ ጽሕፈት የምትለይ አሮጊት ናት። መጀመሪያ ቀን የሕፃናት መጽሐፍ ብታቀርብላት ቨርሊን ፊቷ ጠቆረ። «እሺ፣ አንቺ ምን ማንበብ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። ቨርሊንም በሁለተኛው ቀን የቡድኖቹ ደረጃ የወጣበትን ጋዜጣ ይዛ መጣች። ከዚያ ጀምሮ የኳስ ወቅት በደረሰ ቁጥር የሚያነቡት እሱን ነው።

«በይ ዛሬ ከላይ እስከ ታች ሳታቆሚ» አለች ሚስ ኦዴት።

ቨርሊን ጣቷን ከዝርዝሩ ራስ ላይ አድርጋ ጀመረች። የላይኛዎቹን አሥር እንደ ውሃ ጠጣቻቸው። ዘጠነኛው የትልቁ ሊግ ሃርግሮቭ ነበር፤ እሱንም በአንድ ትንፋሽ አለችው። አሥራ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ።

«ማ... ማር... ማርሎ።»

ሚስ ኦዴት መነጽሯን አወለቀች። «ቆይ እስቲ። ሃርግሮቭ ረጅም ነው። ማርሎ አጭር ነው። ረጅሙን እንደዚያ አፍስሰሽው፣ የገዛ ልጅሽን ትምህርት ቤት እንደ ዓሣ አጥንት አንድ በአንድ የምትለቅሚው ለምንድን ነው?»

ቨርሊን አፈረች። ከዚያ አሰበችበት።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ሚስ ኦዴት? ሃርግሮቭን አላነበብኩትም።»

«እንዴት አላነበብሽውም?»

«ፊደል ሳልቆጥርም አውቀዋለሁ። የሰው ኮፍያ ላይ አለ፣ የጭነት መኪና መስተዋት ላይ አለ፣ ነዳጅ ማደያው ግድግዳ ላይ ተሥሎ አለ። እንደ ሰው ፊት መልኩን አውቄው ነው። ማርሎን ግን ካላነበብኩት አላውቀውም።»

ሚስ ኦዴት በመነጽሯ ጋዜጣውን መታ መታ አደረገችው።

«እና ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ያነባሉ ብለሽ ነው?»

ቨርሊን ካፖርቷን ለብሳ ልትወጣ ስትል አሮጊቷ አንድ ነገር ጨመረችላት። ቅዳሜ የወንዝ ሊጉ ቶርንዴል ከሃርግሮቭ ጋር ይጫወታል። ቶርንዴልን ማርሎ በጥቅምት በአንድ ነጥብ አሸንፎታል። ቶርንዴል ሃርግሮቭን ከረታ የወንዝ ሊግ ስም ከፍ ይላል፤ ማርሎም አብሮ ይነሣል።

«ስለዚህ ቅዳሜ ቶርንዴልን ትደግፊያለሽ» አለች ሚስ ኦዴት።

«ቶርንዴልን? የውሃ ታንከራችንን ቀይ የቀቡትን? ጌታ ይማረኝ!»

«ይማርሻል። በደንብ ጩኺ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቨርሊን አራቱንም ጎማ አይታ፣ መለዋወጫውንም አይታ፣ አንድ ድስት ሙሉ የበቆሎ ቂጣ ይዛ ወደ ቶርንዴል ነዳች። ቤት ተቀምጣ በቴሌቪዥን ማየት አልሆነላትም፤ እዚያው ተገኝታ ካልጮኸች ነገሩ በእሷ ስንፍና የሚበላሽ መሰላት። የሠራችውን ስህተት ያወቀችው ከመኪናዋ ስትወርድ ነው። ቀይ በለበሰ የቶርንዴል ሰው መካከል የማርሎን አረንጓዴ ካፖርት ለብሳ ቆማለች።

መኪና ማቆሚያው በሰው ተሞልቷል። ሰዉ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ፣ ምድጃ ዘርግቶ ጎድን ይጠብሳል። ከአንዱ ምድጃ ጀርባ ደረቷ ላይ የልጇን ፎቶግራፍ የሰካች ትልቅ ሴት ማንካዋን ወደ ቨርሊን ቀሰረች።

«አንቺ! አረንጓዴዋ! መንገድ ጠፍቶሽ ነው ወይስ ዕብደት ነው?»

«ልደግፋችሁ ነው የመጣሁት» አለች ቨርሊን።

በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። «በአንድ ነጥብ ሰርቃችሁን ሄዳችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ጭብጨባ ይዛችሁልን መጣችሁ?» አለች ሴትዮዋ። «የማን እናት ነሽ?»

«የቶባያስ። ኳሱን የሚያቀብለው።»

የሴትዮዋ ማንካ ወረደ። «ሃምሳ አራት ቁጥር? ልጄን ጃሬትን ቀኑን ሙሉ ሲገፋው የዋለው? ልጄ ሳምንት ሙሉ በጎኑ መተኛት አልቻለም እኮ!»

«የእኔም ልጅ አንገቱን ማዞር አልቻለም» አለች ቨርሊን። «የእርስዎ ነው እንዴ ያ ግንብ?»

«የእኔ ነው» አለች ሴትዮዋ፤ ፊቷ በራ። «ደግሞ እርስዎ አትበይኝ፣ ገና አላረጀሁም። ዊሎዲን እባላለሁ። ድስቱ ውስጥ ምን አለ?»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች አልተለያዩም። አብረው ገቡ፣ አብረው ተቀመጡ። የልጆቻቸውን ጉልበትና ጀርባ፣ በበረዶ የታሠሩ ትከሻዎችን፣ ከጨዋታ በፊት የማይወርደውን ቁርስ አወሩ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ዝናብ ጀመረ። ዊሎዲን ከቦርሳዋ ቀይ ኮፍያ አውጥታ ሳትጠይቅ የቨርሊን ራስ ላይ ጫነችው።

«አይሆንም! አረ ዊሎዲን፣ የአገሬ ሰው ይገድለኛል።»

«ሳምባ ምች ከሚገድልሽ ያገርሽ ሰው ይግደልሽ። ዝም ብለሽ ልበሺ።»

መጨረሻ ላይ ቶርንዴል በሁለት ነጥብ ይመራ ነበር። ሃርግሮቭ አንድ ምት ቀረው፤ ኳሱ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ካለፈ ሦስት ነጥብ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። ቨርሊን ዓይኗን ጨፈነች፣ መልሳ ገለጠች። ኳሱ ሲነሣ አንድ ረጅም እጅ ከሰው ክምር መሃል ወጣ። ኳሱ እጁን ነክቶ እንደ ተመታ ወፍ ወደቀ። የጃሬት እጅ ነበር። ቨርሊን ጥቅምት ላይ የረገመችውን ልጅ ስም ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ስትጠራ ራሷን አገኘችው። ሜዳው ሲጮህ ደግሞ ቶርንዴል እያለ አልነበረም። «የወንዝ ሊግ! የወንዝ ሊግ!» ይላል። ዊሎዲን አንገቷን አቅፋ ከወዲያ ወዲህ ታወዛውዛታለች።

ወደ መኪናዋ ስትመለስ ስልኳ ጮኸ።

«እማ» አለ ቶባያስ፤ ከኋላው የቡድኑ ሳቅ ይሰማል። «ቴሌቪዥን ላይ ቀይ ኮፍያ አድርጋ የምትዘለው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ዝናብ ነበር» አለች ቨርሊን።

«አሰልጣኝ ራስክ ሦስት ጊዜ መልሶ አሳየን!»

እሑድ ከቀትር በኋላ የማርሎ ቡድን ከነቤተሰቡ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ተሰብስቦ ትልቁን ስክሪን ያይ ጀመር። የቴሌቪዥን ሰዎችም ልጆቹ ሲዘሉ ለመቅረጽ መጥተዋል። አሰልጣኝ ራስክ ከፊት ቆሟል። ከሦስት ዓመት በፊት ቨርሊን ቤት መጥቶ የኮክ ኬኳን ሁለት ሳህን በልቶ «ሚስ ቨርሊን፣ ልጅዎ እስኪመረቅ ከጎኑ ነኝ» ብሏት ነበር። ያን ጊዜ አቅፋው ነበር።

ስሞቹ ከላይ ጀምሮ ወጡ። አሥሩ አለቁ። አሥራ አንደኛው ወጣ። አሥራ ሁለተኛው ሲመጣ አስተዋዋቂው አፉን ሳይከፍት ቨርሊን ስክሪኑ ላይ ያለውን መልክ አየችው። የምታውቀው መልክ ነው። አላመነችም፤ ሌላ ይሆናል ብላ እንደ ማክሰኞው በጣቷ አየር ላይ እያስነካች ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበችው። ሃርግሮቭ ነበር። ትናንት ዓይኗ እያየ የተሸነፈው ሃርግሮቭ።

ማርሎ አሥራ ሦስተኛ ሆነ።

የቴሌቪዥን ሰዎች ገመዳቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ቨርሊን ልጇን ፈልጋ መኪናዋ ጋ አገኘችው፤ ሞተሩ ክዳን ላይ ተደግፎ ከትናንት የተረፈውን ቂጣ ይበላል። ዊሎዲን በስልክ የላከችውን ድምፅ ከፈተችለት። «ኮሚቴው ዓይኑ ይፍሰስ! አንድ በአንድ ይፍሰስ! ቨርሊን፣ ለልጅሽ ንገሪው፣ ጃሬትን ከእሱ የባሰ የገፋው የለም። ሃርግሮቭ ከነትልቁ ሊጉ እንደ እሱ አልገፋውም።»

ቶባያስ ሳቀ።

«ያኔ የጠየቅከኝን» አለች ቨርሊን፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋባት። «አሁን መልስ አለኝ። ጥሩ መልስ አይደለም።»

«በይው።»

«እዚያ ከሄድክ ሳያነቡህ ያውቁሃል። ልብስህን አይተው ብቻ ያውቁሃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ልጄ፤ ብዙ በር ይከፍታል። እዚህ ከቀረህ ግን የሚፈልግህ ሰው ቁጭ ብሎ ፊደል በፊደል ማንበብ አለበት። ብዙ ሰው አያነብም። እኔ አርባ አራት ዓመት አላነበብኩም፣ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ግን የሚያነብ አይጠፋም። ያቺ ሴትዮ ሳታየኝ ቁጥርህን ታውቅ ነበር።»

«አንቺስ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

«የእኔን ታውቀዋለህ። አትቁጠረው።»

«አልቆጥረውም» አለ። ቂጣውን ጨረሰ። «ትንሽ ብቻ።»

እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ አዳራሹ ተመለከተ። ጓደኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይወጡ ነበር።

«ለከርሞ ከቶርንዴል ጋር የምንጫወተው የት ነው?»

«እነሱ ጋ» አለች ቨርሊን።

«እንግዲያው ኮፍያዋን ይዘሽላት ሂጂ። የሰው ዕቃ ነው።»

ቨርሊን ለመኪናዋ በር ቁልፍ እየፈለገች ፊቷን ደበቀች፤ ቁልፉ እጇ ላይ ነበር።

በሳምንቱ አሰልጣኝ ራስክ ወደ ትልቁ ሊግ ሄደ። የዊሎዲን ጃሬትም ሄደ፤ ሃርግሮቭ ወሰደው። ቶባያስ ቀረ።