የበቀለች ዝግባ

«ንስሐ ገብታለች ወይስ እንዲሁ ነው የሄደችው?»

«እኔ እንጃ። እኔ የማውቃት ቅዳሜ ቅዳሜ ወተት ስታፈስ ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዘው ነው የሚያንሾካሹኩት። የምሥራች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ከፊታቸው ተቀምጣለች። የተኛች መስሏቸዋል። እሷ ግን አንድ ቃል አላመለጣትም።

እናቷ በቀለች የተቀበረችው ትናንት ነው። ቤታቸው ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከቤቱ ጀርባ ካለው ቁልቁለት ግርጌ ምንጭ ይፈልቃል፤ ከምንጩ ራስ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ዝግባ ቆሟል። ዙሪያው ሁሉ ለከሰል በሚተከለው ዲከረንስ ተሸፍኗል። ከዱሮው ደን የቀረው እሱ ብቻ ነው።

በቀለች እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀርታ አታውቅም። ቅዳሜ ግን የዝግባው ነበር። ማለዳ ላሟን አልባ፣ ማንም ሳይቀምሰው ወተቱን ይዛ ትወርዳለች። ነጠላዋን አደግድጋ ከሥሩ ታፈስሰውና በአዊኛ ምድሩንና ውሃውን ታመሰግናለች። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለጎረቤት ልጅ ሳይቀር ትለምናለች። ከእናቷ የወረሰችው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ መንገደኛ ይህን በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። «ዛፍ አምላኪዋ» የሚል ጽፎበታል። ያኔ የምሥራች እንጅባራ ውስጥ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ነበራት። አንድ ደንበኛ እየሳቀ አሳያት።

«በእናንተ በኩል ነው አሉ። ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም» አለች የምሥራች፣ ቀና ሳትል።

በሳምንቱ በቀለች ከሚኒባስ ወርዳ ሱቁ ድረስ መጣች። «ቀረጹሽ አሉኝ፤ እስቲ አሳዪኝ» አለች። ሁለት ጊዜ አየችው።

«ዝግባው እንዴት አምሮበታል!» አለች። ቀጥላም «ሰዉ ምን ይላል?» ስትል ጠየቀች።

«ይስቃል። ከማይሰማ ነገር ጋር ታወራለች እያለ።»

በቀለች ልጇን ቁልቁል አየቻት። «አንቺ ኔትወርክ ሲጠፋብሽ ስልክሽን ወደ ሰማይ ይዘሽ ትዞሪ የለም እንዴ? አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አይቼው አላውቅም። ሲመጣ ግን ይታወቀኛል።»

የምሥራች ሳቀች። ለደንበኛው ምን እንደመለሰች ግን አልነገረቻትም። እናቷም ሳትጠይቅ ሄደች።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ድንኳኑ ውስጥ አጎቷ ይሄይስ፣ የበቀለች ታናሽ ወንድም፣ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ነገ በሣልስቱ ዝግባውን እናስቆርጠዋለን» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቄስ አወቀ ቆመው ይጸልያሉ። ስሟ ይጽዳላት።»

«ስሟ ምን ሆነ?»

«አንቺ ከተማ ነሽ፤ አይደርስብሽም። እኔ ገበያ በወጣሁ ቁጥር 'የዛፍ አምላኪዋ ወንድም' ነው የምባል። ልጄን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች በዚያ ቪዲዮ የተነሣ ቀርተዋል።»

የምሥራች አዘነችለት። ቢሆንም «መሬቱ የእናቴ ነበር፤ አሁን የኔ ነው። እንዳይነኩት፣ አያ ይሄይስ» አለችው።

«ሐዘን ነው የሚያናግርሽ» ብሏት ተነሣ።

በሣልስቱ ከቅዳሴ መልስ ድንኳኑ በሰው ሞልቶ ሳለ ከቁልቁለቱ የሞተር መጋዝ ጮኸ። የምሥራች የያዘችውን ሲኒ ጣለች። በባዶ እግሯ ሮጣ ስትደርስ መጋዙ ልጡን አልፎ ግንዱን ነክሷል። መጋዙን በያዘው ሰውዬና በዛፉ መካከል ገብታ ቆመች።

«አጥፋው!»

ሰውየው ደንግጦ አጠፋው። ለቀስተኛው ተከትሏት ወርዶ ከበባቸው።

«ልጄ፣ ለፍጡር አይሰገድም» አሏት ቄስ አወቀ።

«አባ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ጥድ በመጋዝ የሚነካ አለ?»

«እሱማ የእግዚአብሔር ቅጥር ነው።»

«ይህን ምንጭስ ማን አፈለቀው? እናቴ ዝግባውን ፈጣሪዬ ነው አላለችም። አመሰገነች እንጂ! እሷ ባትጠብቀው ኖሮ እርስዎ ጠበል የሚያደርጉትን ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር?»

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

የምሥራች ስልኳን አወጣች። ቲክቶክ ከፍታ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረች።

«ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ቦታ ላይ በአንዲት ሴት ስቃችኋል። በቀለች ትባላለች። ከትናንት በስቲያ ቀበርናት። ታውቂያታለሽ ወይ ስባል አላውቃትም ብዬ ነበር። ዋሽቻለሁ። እናቴ ናት! ቅዳሜ ወተቱን እኔ ይዤ እወርዳለሁ። መሳቅ የፈለገ መጥቶ ይሳቅ።»

የመጋዙ ባለቤት ዕቃውን ትከሻው ላይ አደረገ። «እኔ የሰው መሬት ላይ ጠብ ውስጥ አልገባም» ብሎ ሽቅብ ወጣ። ይሄይስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ አጎት የለሽም» አላትና ቤተሰቡን ሰብስቦ ሄደ። ቄሱም ተከተሉት። እስከ እኩለ ቀን ድንኳኑ በግማሽ ጎደለ።

በዋዜማው ስለ ንስሐው የጠየቀችው ጎረቤታቸው ምህረቴ ግን አልሄደችም። ከጥግ ተነሥታ የምሥራች አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጄ የታመመ ጊዜ ስሙን ጠርታ ስትለምንለት ሰምቻታለሁ» አለች። «አመሰግናለሁ ሳልላት ቀረሁ።»

የምሥራች ጉልበቷን ዳበሰቻት።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወረደች። መጋዙ የነከሰው ቦታ ስንዝር ይሆናል፤ እርጥብ ነው፣ ያዣል። ከምንጩ ዳር ጭቃ ዘግና ቁስሉን ሞላችው። አለሰለሰችው። ጭቃው እስኪደርቅ መዳፏን እላዩ ላይ እንደጫነች ቆየች።