ጉቶው ሲነቀል

ድንቅቱ ወረቀቱን የፈረመችው በግንቦት መጨረሻ፣ ሰበታ ባለው ቢሮዋ፣ እንደቆመች ነው። ወረቀቱ አንድ ኤክስካቫተር ለአራት ቀን ወደ ጅረቱ እንዲገባ ይፈቅዳል።

የደን ባለሙያ ናት፤ ተጂ ተወልዳ ያደገች የሠላሳ አራት ዓመት ሴት። ከሰበታ ገበያ ጀርባ የሚያልፈውን ጅረት ዳር ከባሕር ዛፍ አጽድቶ አገር በቀል ዛፍ የመመለሱን ሥራ የምትመራው እሷ ነበረች። በገዛ እጇ በጻፈችው ዕቅድ ባሕር ዛፉ ይቆረጣል፣ ጉቶው ግን ሦስት ዓመት መሬት ውስጥ ይቆያል፤ ወይራው፣ ብሳናውና ዋንዛው ሥር ሰድደው አፈሩን እስኪይዙት።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ አጵሎስ ግን ጉቶ ማየት አልፈለገም።

“ያቆጠቁጣል” አላት። “ሐምሌ አጋማሽ ላይ እንግዶች ይመጣሉ። ጉቶ መሀል ቆመን ነው ሪባን የምንቆርጠው?”

“አፈሩ ይለቃል፣ አጵሎስ።”

“በአንድ ክረምት? አታካብጂ።”

እና ፈረመች።

ኦቦ መገርሳ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት እዚያው ጅረት ዳር ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን ለተከላ የተዘጋጁትን ችግኞች ይጠብቃሉ። ኤክስካቫተሩ የመጀመሪያውን ጉቶ ፈንቅሎ ሲያወጣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ቀብር ላይ እንደሚደረገው።

“ኢንተላ ኮ” አሏት፣ ልጄ ለማለት፣ “ይኼ አፋፍ እኮ የእውነት መሬት አይደለም። ድሮ እዚህ ገደል ነበር። ቤት የሠሩት ሰዎች ፍርስራሽና ገረጋንቲ በመኪና እያመጡ ሞሉት። ይዞት የኖረው የዛፉ ሥር ነው።”

ድንቅቱ ይህን አታውቅም ነበር። ኤክስካቫተሩን ግን አላስቆመችም። “ቀርከሃ ጠጋ ጠጋ አድርገን እንተክላለን፣ ኦቦ” አለች።

ሰኔ ላይ ስምንት መቶ ችግኝ ተከሉ። ሁሉም ያዘ። ሁለት ሳምንት ያህል ድንቅቱ እንቅልፍ አገኘች። ከዚያ አንድ ጧት ኦቦ መገርሳ ጠሯት። ከአፋፉ በላይ፣ ሣሩ ውስጥ፣ ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ተጋድሟል። በግራና በቀኙ ችካል መትተው መሀሉን በሲባጎ ወጠሩት። በማግስቱ ሲመለሱ ሲባጎው ተበጥሷል።

በሳምንቱ ችግኞቹ በሙሉ ወደ ውሃው አዘነበሉ፤ በአንድ ሌሊት፣ እኩል፣ አንድ እጅ የገፋቸው ይመስል። ከአፋፉ ሥር ደግሞ ነጣ ያለ ድፍርስ ውሃ መውጣት ጀመረ። ኦቦ መገርሳ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዘገኑት፣ አሸተቱት፣ ደፉት። እዚያ ቦታ ምንጭ ኖሮ አያውቅም፤ ውሃው የሚወጣው ከሙሌቱ ውስጥ ነው።

ድንቅቱ ለአጵሎስ ደወለች።

“አፈር ሙሉበት” አለ። “እንግዶቹ እስኪሄዱ ብቻ።”

ሞሉት። ስንጥቁ አሥራ ሁለት ጋሪ አፈር ዋጠ። በነጋው እንደገና አፉን ከፍቶ ነበር፤ አሁን እግር ያስገባል፤ ጫፉም ከአፋፉ በላይ ያለው የወይዘሮ የሺወርቅ ቤት አጥር ሥር ደርሷል።

ወይዘሮ የሺወርቅ ገበያ ውስጥ ቅመም ይሸጣሉ። ባለቤታቸው አቶ ገብረየስ ግማሽ አካላቸው ከማይታዘዛቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አልጋ ላይ ናቸው። ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ድንቅቱ በራቸውን አንኳኳች።

“እትዬ የሺ፣ ዛሬውኑ መውጣት አለባችሁ።”

“ማን አለ? ቀበሌ ነው?”

“እኔ ነኝ። ሥሩን ያስነቀልኩትም እኔ ነኝ።”



“ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩበት” አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ። “አንቺ የመጣሽው ዘንድሮ ነው።”

ያን ጊዜ ኦቦ መገርሳ ከውጭ ተጣሩ። ሰበታ ላይ ፀሐይ ነበር፤ የወጨጫ ተራራ ግን አይታይም። ከአናቱ እስከ እግሩ ጥቁር ደመና ውጦታል።

“ዋቃዮ!” አሉ ሽማግሌው ፈጣሪያቸውን እየጠሩ። “እላይ እየጣለ ነው። ደራሽ ጎርፉ እዚህ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠን ነው።”

ወይዘሮ የሺወርቅ አሁንም ከደጃፉ አልተነቃነቁም። ከዚያ ከቤቱ ውስጥ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ሮጠው ሲገቡ የሲሚንቶው ወለል ከጓዳው ግድግዳ እስከ አልጋው እግር ተሰንጥቋል። አቶ ገብረየስ ዓይናቸው ስንጥቁ ላይ ተተክሎ፣ በተሳሰረ ምላሳቸው፣ “አውጡኝ” አሉ።

በፍራሹ ተሸክመዋቸው ወጡ። መንገዱ ላይ የቆመ ባጃጅ አገኙ። አቶ ገብረየስን ሲያስገቧቸው ወይዘሮ የሺወርቅ “መድኃኒቱ!” ብለው ዘወር አሉ። ድንቅቱ ቀደመቻቸው።

ቤቱ ውስጥ ስትገባ ቁልቁለት የምትራመድ መሰላት። ከጓዳው በኩል ብርሃን ይገባል፤ ግድግዳው የለም። በቦታው ጅረቱ ይታያል፣ ቀይ ሆኖ፣ ድንጋይ እያንከባለለ። የመድኃኒቱን ፌስታል ከራስጌ ነጥቃ ወጣች። እግሯ አስፋልቱን እንደረገጠ አፋፉ ሄደ።

ሲደረመስ ጩኸት አልነበረውም። ተንሸራተተ። ጓዳው፣ ሽንት ቤቱ፣ አጥሩ፣ ችግኞቹም እንደተተከሉ፣ ተራ በተራ፣ ወደ ውሃው ወረዱ። ጅረቱ ለጥቂት ጊዜ ታግዶ ቆመ። ከዚያ ሁሉንም ይዞት ሄደ።

ሰው አልሞተም። በማግስቱ አጵሎስ “የተፈጥሮ አደጋ” የሚል ሪፖርት አዘጋጅቶ መጣ፤ ድንቅቱ አልፈርምም አለች። የሆነውን ሁሉ፣ የራሷን ጥፋት ጨምራ፣ ጽፋ ለከተማው አስተዳደር አስገባች። በሳምንቱ ከሥራ ታገደች። ወይዘሮ የሺወርቅ ባለቤታቸውን ይዘው ዓለም ገና እህታቸው ጋ ገብተዋል። ድንቅቱ ልትጠይቃቸው ሄዳ ነበር። በሩን ከፍተው አዩዋት፤ መልሰው ዘጉት።

ዝቅ ብሎ፣ ጉቶው በተነቀለበት በዚያው ዳር፣ ሌሎች ስድስት ቤቶች አሉ። ከኋላቸው ሣሩ መከፈል ጀምሯል። ድንቅቱና ኦቦ መገርሳ የስድስቱንም በር አንኳኩ። አራቱ ወጡ። ሁለቱ የምንሄድበት የለንም ብለው ቀሩ። ከሁለቱ በአንደኛው ቤት ሦስት ልጆች አሉ፤ ድንቅቱ በየጧቱ ስትሄድ በስማቸው እየጠራች መኖራቸውን ታረጋግጣለች።

ዛሬ ሐምሌ ሃያ ነው። ወጨጫ ላይ ደመናው እየከበደ ነው።